የአባቴ ቀፎና የጋሼ ክንፈሚካኤል ንቦች

እስቲ እናንተው ንገሩኝ፤ ንብ የሰው ጠብ ትሰማለች? ትሰማለች እንበል። ሰምታስ፣ ማን ተቆጣ፣ በምን ተቆጣ፣ እውነት ነበረው ወይስ አልነበረውም ብላ መርምራ፣ «እዚህች ሴት ቤት አልገባም» ብላ ትወስናለች? እኔ ዕድሜዬን በፍርድ ቤት ደጃፍ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ያህል ቀልጣፋ ዳኛ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ነገሩን ያመጡት ጎረቤቴ ጋሼ ክንፈሚካኤል ናቸው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የእርሳቸውን ጓሮ ከእኔ ጓሮ የሚለየው አንድ ረድፍ ቅንጭብ ነው። ከቅንጭቡ ወዲያ እርሳቸው ከንቦቻቸው ጋር፣ ከቅንጭቡ ወዲህ እኔ ከመዝገቦቼ ጋር ለብዙ ዘመን በሰላም ኖረናል፤ ሰላም ማለት ክርክር የሌለበት ኑሮ ነው ካላላችሁ። እርሳቸው ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ፎርማን ናቸው፤ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ፈገግታቸው ረጅም። እኔ ጠበቃ ነኝ። ስሜ ህይወት ቢሆንም ሰፈሩ «ጠበቃ» ነው የሚለኝ። ቁጡ ናት ይባላል። አልክድም። ግን ያለ ምክንያት ተቆጥቼ አላውቅም፤ ምክንያት ደግሞ በዚህ ከተማ ከበርበሬ ይበልጥ ይገኛል።

ክርክሩ የተጀመረው በአንድ ባዶ ቀፎ ነው።

አባቴ አቶ ገብረሰንበት ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን የታወቁ ንብ አናቢ ነበሩ። ቀፎውን ራሳቸው ከቀርከሃ ይሠሩታል፣ በእበትና በአመድ ይለቀልቁታል፣ ጸሐይ ላይ አድርቀው በጢስ ያጥኑታል። ሲሞቱ፣ ገና አርባቸው ሳይወጣ፣ ንቦቹ ከቀፎ ቀፎ እየለቀቁ ሄዱ። ለቅሶው ላይ ከወንድሜ ከጌታሁን ጋር ተጣልቼ ነበር። እውነት ነው፣ ተጣልተናል። እርሱ ከቀፎዎቹ ሥር ያለውን መስክ አርሶ በቆሎ ሊዘራበት ፈለገ፤ እኔ አይሆንም አልኩ። ድንኳን ውስጥ ነበርን፤ ድምፄም ዝቅ ያለ አልነበረም። መስኩ ታረሰ። መጭ የሚባለው የሜዳ አበባም አደዩም በፀረ አረም መድኃኒት ነደደ። የሚቀስመው ያጣ ንብ ሄደ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አለ? ለሀገሬው ግን የታየው ሌላ ነው። «ልጅቱ በአባቷ ለቅሶ ጮኸች፤ ንቡ ጠብ ሰማና ወጣ» ተባለ። እስከ ዛሬ ማንኩሳ ገበያ ላይ የሚያውቀኝ ሰው ሲያገኘኝ ሰላምታውን ሳይጨርስ ወደ ንቡ ይመጣል። የአባቷን ንብ በአፏ ያባረረች ልጅ ሆኜ ቀረሁ።

ስለዚህ ከባዶዎቹ ቀፎዎች አንዱን ጭኜ ወደ ፍኖተ ሰላም አመጣሁት። ንብ የሚሄደው አበባ ወዳለበት ነው ብዬ የተከራከርኩ ሰው፣ ክርክሬን በአበባ ማስረዳት ነበረብኝ።

አምና ግንቦት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ከጓሮዬ ጸሐይ የሚመታውን ጎን ቆፈርኩ። በእኛ አገር የጓሮ ተክል የሚተከለው እንደ ዘበኛ ነው፤ አንድ ጤና አዳም በር ላይ፣ አንድ ዳማከሴ ጥግ ላይ። ንቦች ግን እንዲህ ተበታትኖ የቆመ ነገር ብዙም አያማልላቸውም፤ አንድ ዓይነት አበባ በርከት ብሎ በአንድ ቦታ ሲያገኙ ነው የሚመላለሱት። ስለዚህ በሶብላውን በሰፊ መደብ፣ ድንብላሉን ከጎኑ፣ ኮሰረቱን ከኋላ፣ ጤና አዳሙን ለብቻው ሰብሰብ አድርጌ ተከልኩ። ደጋ ዘመድ ያለው ደንበኛዬ ጦስኝ ከነሥሩ አመጣልኝ፤ እርሱን ውኃ በማይቋጥርበት በድንጋዩ መካከል አደረግኩት። ሰፋ ባለ ሸክላ ውኃ ሞልቼ፣ ንቦቹ ሲጠጡ እንዳይሰምጡ እግራቸውን የሚያሳርፉበት ጠጠር ጨመርኩበት። የጓሮው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ቅጠል መቁረጥ ይቻላል፣ አበባ መንካት ክልክል ነው።

ቀፎውን የሰቀለልኝ ሙሄዲን ነው፤ የጦይባ ባል። ጦይባ ገበያ መሃል በርበሬና ቅመም የምትነግድ ወዳጄ ናት። በርበሬዋ ከቡሬ ነው የሚመጣው፤ ምላሷም ከዚያው ሳይመጣ አልቀረም። ሙሄዲን ጓሮዬ ውስጥ ያለው ዋንዛ ላይ ወጥቶ ቀፎውን ሲያስር፣ እርሷ ከታች ቆማ «በደንብ እሰረው፤ ከወደቀ ትከሰናለች» ትለዋለች።

ጋሼ ክንፈሚካኤል ያን ጊዜ ከቅንጭቡ በላይ ብቅ አሉ።

«ጠበቃ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ቀፎ ነው ጋሼ።»

«ቀፎነቱንማ አየሁት። ምን ሊሆን ነው?»

«ንብ ሊገባበት።»

«የትኛው ንብ?»

«ደስ ያለው።»

ሳቁ። ጋሼ ሲስቁ መጀመሪያ የሚስቀው ትከሻቸው ነው። «አንች ልጅ፣ ንብ እኮ ጠብ ያለበት ቤት አትገባም። በሶብላ አይደለም፣ ገነትን አምጥተሽ ብትተክይ አትገባልሽም። የእኔ ቀፎ ሁሉ ለምን ሞላ? ጸጥታ ነዋ! እኔና ውዳሴ ከተጋባን ወዲህ ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።»

ባለቤታቸው እትዬ ውዳሴ ከጓዳ ሰሙ። «እውነታቸውን ነው» አሉ። «መለዋወጥ የለም። የሚናገሩት እርሳቸው ብቻ ናቸው።»

ጋሼ ያልሰሙ መሰሉ። «የአባትሽን ነገር ላነሳብሽ አይደለም» አሉኝ። አነሱት ማለት ነው።

የመስከረም ሚካኤል ማኅበር ተረኛዋ እኔ ነበርኩ። ጸበል ጸዲቁ ተቀምሶ፣ ጠላው መዞር ሲጀምር ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማኅበርተኛ ሁሉ ስሙኝማ። ጠበቃ ቀፎ ሰቅላለች። እኔ ንብ ጠበኛ ቤት አይገባም እላለሁ፤ እርሷ በሶብላ ከሸተተው ይገባል ትላለች።»

«በሶብላ አላልኩም፤ አበባ ነው ያልኩት።»

«አያችሁ? ገና አፌን ሳልዘጋ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን ተነሣሁ።

«እስከ ኅዳር ሚካኤል ንብ ከገባበት» አልኩ፣ «ጋሼ በዚሁ ማኅበር ፊት ቆመው፣ ንብ የሚሄደው ወደ አበባ ነው፣ የገብረሰንበት ልጅ የአባቷን ንብ አላባረረችም ይበሉ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሳቁ ቀነሰ። ጋሼም ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ካልገባስ?»

«ካልገባ ቀፎውን አውርጄ ለእርስዎ እሰጣለሁ።»

«የአባትሽን?»

«የአባቴን።»

ትንሽ አሰቡና ፈገግታቸው ተመለሰ። «በሶብላውንም ነቅለሽ ጌሾ ትተክያለሽ። ጌሾ ቢያንስ ለማኅበሩ ይጠቅማል።»

«እተክላለሁ።»

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ ወልደ ዮሐንስ «ሰምተናል፣ መስክረናል» ብለው ነገሩን ዘጉት፤ ጠላውም ቀጠለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አልኩ። በጋሼ ሕግ አምኜ አይደለም፤ ማምለጫ ላሳጣቸው ብዬ ነው። ቀፎው ባዶ ቢቀር «ጮኸሽበታል» እንዲሉኝ አልፈለግኩም። ያ ዝምታ ምን ያህል እንዳሠቃየኝ የሚያውቅ የለም። የባጃጅ ሾፌር ጭቃ ቢረጭብኝ «አይዞህ ልጄ» አልኩት፤ ልጁ ደንግጦ ወርዶ ቀሚሴን ሊጠርግልኝ ተንበረከከ። ችሎት ላይ ተከራካሪዬ ያልሆነውን ሆነ እያለ ሲናገር እጄን አጣጥፌ ሰማሁት፤ ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው «ጠበቃ፣ አመመዎት?» አሉ። እትዬ ውዳሴ ደግሞ በቅንጭቡ ላይ አጥሚት አቀበሉኝ።

«ምነው ልጄ፣ ድምፅሽ ጠፋ?»

«ደህና ነኝ እትዬ።»

«ሰፈሩ እኮ ጭር አለ። እኔማ ሬዲዮ መክፈት ጀመርኩ።»

አበባው ግን አላሳፈረኝም። ድንብላሉ ነጭ፣ ጤና አዳሙ ቢጫ፣ በሶብላው ሐምራዊ ሆኖ ቆመ። ገና ጸሐይ ሞቅ ከማለቷ የጋሼ ንቦች ቅንጭቡን ተሻግረው ይመጣሉ፤ ውለው፣ ጠግበው፣ ከሸክላው ጠጥተው ይመለሳሉ። በግቢዬ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የእነርሱ ብቻ ነበር። የእኔ ቀፎ ከበላያቸው ባዶውን ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ ንቦችዎ እኮ የሚውሉት እኔ ጋ ነው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ለሥራ ነው የሚወጡት። ሲመሽ ወደ ሰላም ቤታቸው ይመለሳሉ።»

«የምትቀልባቸው ግን ጠበኛዋ ናት።»

«ተጠንቀቂ» አሉ ጋሼ፣ ትከሻቸው እየሳቀ። «አሁን ይቺን በቁጣ ብትያት፣ ያ ቀፎ ለኔ እንደሆነ ቁጠሪው።»

ዋጥኩት። ምን ያህል እንደሚመር ግን አትጠይቁኝ።

በጥቅምት መጀመሪያ ለክርክር ቡሬ ሄጄ ከሰዓት በኋላ ስመለስ የበሶብላዬ መደብ ተላጭቶ አገኘሁት። ግንዱ ቆሟል፤ አበባ የሚባል የለም። ጦይባ መደቡ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ከጎኗ በሶብላ የሞላ ጆንያ፣ ማጭዷን በሣር ትጠርጋለች።

ይህ ስህተት እኛ ጋ ካልሆነ የትም አይሠራም። ሌላው ዓለም በሶብላን የሚተክለው ለቅጠሉ ነው፤ እንዳያብብ ጫፉን ይቀነጥሰዋል። እኛ የምንፈልገው ግን አበባና ፍሬውን ነው፤ አድርቀን በርበሬው ውስጥ፣ ሽሮው ውስጥ የምንጨምረው እርሱን ነው። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ በሶብላ አብቦ ያየች ሴት፣ ንቡ የሚቀስመው አገኘ ብላ አታስብም። በርበሬዋ ነው ትዝ የሚላት፤ ጎረቤት ደግሞ ከጎረቤት ጓሮ ቅመም ለመቁረጥ ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም።

«መጣሽ?» አለች ጦይባ። «ወላሂ እንዲህ ያማረ በሶብላ አይቼ አላውቅም። የዘንድሮ በርበሬሽን እኔው ነኝ የማዘጋጅልሽ፤ እጅሽን እንዳታስገቢ።»

አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

«ምነው?» አለች። «ምነው ዝም አልሽ? ተሳደቢ እንጂ፤ እንዲህ ስትሆኝ ታስፈሪኛለሽ።»

«ጦይባ፣ ይህ አበባ ለንብ ነበር።»

«ለየትኛው ንብ?»

ወደ ዋንዛው አመለከትኩ። ባዶውን ቀፎ አየችው። ከዚያ ማጭዷን አየችው።

«ያ ረቢ!» አለች። «ጋሼ ክንፈሚካኤል እኮ ናቸው። ሱቅ ድረስ መጥተው፣ የጠበቃ በሶብላ ደርሷል፣ ሳይረግፍ ድረሽለት አሉኝ። አንች የላክሻቸው መስሎኝ!»

ወደ ቅንጭቡ ሄድኩ። ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንድ አሮጌ ቀፎ ይለቀልቃሉ።

«ጋሼ።»

«አቤት ጠበቃ።»

«በሶብላዬ እንዲቆረጥ አዘዋል አሉ።»

«እኔ? ምን አዝዣለሁ? ደረሰ ነው ያልኩት። የደረሰን ነገር ደረሰ ማለትም ያስከስሳል እንዴ?»

እበቱን በእጃቸው እንደያዙ ቀና ብለው ጠበቁኝ። ድምፄን ነበር የሚጠብቁት። ለጩኸት የሚበቃ ቃል ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ አንዱ አንዱን እየገፋ። ያኔ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ስጮህ አባቴ ከላይ ሆነው የሰሙኝ መስሎ ታየኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩ። «ስላሰቡልኝ።»

ፈገግታቸው ጠፋ። እኔ ስጮህ ምን ማለት እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ ሳመሰግን ግን መላው ጠፋባቸው። ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ትራስ ውስጥ ጮህኩ። ትራስ ውስጥ ንብ የለም።

ጋሼ መንገድ ያውቃሉ፣ ንብም ያውቃሉ። በሶብላ ግን አያውቁም። ጫፉ የተቆረጠ በሶብላ አይሞትም፤ ከየአንጓው ሌላ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ቅርንጫፉም ያብባል። ጦይባ ለበደሏ ካሳ በየጠዋቱ ሱቋን ሳትከፍት እየመጣች ውኃ ታጠጣው ጀመር። «ጥፋቱ የሽማግሌው፣ ጉልበቱ የኔ» እያለች ታጉረመርማለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጊ ስላት «ያንችን ድርሻ እኔ እየተቆጣሁልሽ ነው» ትለኛለች። ሙሄዲንም ቀፎውን አውርዶ፣ ውስጡን በበሶብላ ግንድና በጠጅ ሣር አሽቶ፣ አጥኖ መልሶ ሰቀለው። ጥቅምት ሲያልቅ መደቡ ከበፊቱ ይልቅ ደንድኖ፣ አበባ በአበባ ሆነ። በዙሪያው ያለው የሜዳ አበባ ደግሞ መድረቅ ጀምሮ ነበር። የጋሼ ተንኮል አበባዬን ለትክክለኛው ጊዜ አቆየልኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ጥቂት ንቦች በአባቴ ቀፎ አፍ ላይ ሲገቡና ሲወጡ አየሁ። የሚቀስሙ አይደሉም፤ ቤት የሚያዩ ናቸው። እንደ ጠንቃቃ ተከራይ ጥግ ጥጉን ይፈትሻሉ፣ ይወጣሉ፣ ሌላ ጓደኛ ይዘው ይመለሳሉ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለጦይባም። ጋሼ ግን አይተዋቸዋል። ያን ቀን ቅንጭቡ ጋ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ዋሉ።

«ጠበቃ» አሉኝ፣ «ያ ቀፎ ገመዱ የላላ አይመስልሽም? አውርደሽ ብታጠብቂው ምን ይመስልሻል?»

«ደህና ነው ጋሼ።»

«እኔ ለአንች ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። እርስዎ ሁልጊዜ ለእኔ ነው የሚያስቡት።»

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጸሐይ ሞቅ ስትል፣ ሸክላው ላይ ውኃ እጨምራለሁ። ከቅንጭቡ ወዲያ የእትዬ ውዳሴ ድምፅ ተሰማ፤ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነው።

«የልጅቱን በሶብላ ያስቆረጡት እርስዎ ነዎት?»

«ማን ነገረሽ?»

«ጦይባ ናታ! ገበያ መሃል አሳፈረችኝ።»

«እኔ ደረሰ ነው ያልኩት!»

«የአባቷን ቀፎ ሊወስዱባት? በሚካኤል ማኅበር ፊት ተወራርደው?»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ንቡ ይሰማል!»

«ይስማ! እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማ ነው የኖርኩት።»

«ውዳሴ!» አሉ ጋሼ። ከዚያ በኋላ ያ ለስላሳ ድምፅ የት እንደገባ አላውቅም። «በዚህ ቤት ጠብ የለም! ገባሽ? ጠብ የለም ብያለሁ! በዚህ ቤት ጠብ ኖሮ አያውቅም!»

መናኸሪያ የቆመ የአውቶቡስ ረዳት ሳይሰማቸው አልቀረም። የሰፈሩ ውሾች ተቀበሏቸው። እኔ ማሰሮዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። የሌላ ሰው ጩኸት እንዲህ ይጣፍጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

«ጠብ» እያሉ ገና ሲጮኹ ሌላ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ወፍጮ ቤት የተነሣ መሰለኝ። ቀና ስል ከቅንጭቡ በላይ አየሩ ጠቁሯል። መንጋው እየተሽከረከረ ወጣ፤ ከጓሮዬ በላይ ዞረ፣ ወደ ዋንዛው ዘለቀ፤ የአባቴ ቀፎ አፍም በንብ ተሸፈነ። ግማሹ ይገባል፣ ግማሹ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ተራውን ይጠብቃል። አባቴ መንጋ ሲቀበሉ የሚሉትን አልኩ፣ በሹክሹክታ፣ «ግቡ፣ ግቡ፣ ቤታችሁ ነው።» ከዓይኔ ውኃ ወርዶ እንደሆነ ማስረጃ የለም።

በሩ ተበረገደና ጋሼ ክንፈሚካኤል በአንድ እግር ጫማ ገቡ።

«መንጋው የኔ ነው! ተከትዬዋለሁ!»

በእኛ በኩል የታወቀ ልማድ አለ። መንጋ ከቀፎ ሲወጣ ባለቤቱ ዓይኑን ሳይነቅል ከተከተለው፣ ቄስ ግቢም ቢያርፍ የእርሱ ነው፤ ገብቶ ይወስደዋል፣ ማንም አይከለክለውም። ዓይኑን ከነቀለ ግን መንጋው የሚሆነው ለተቀበለው ሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር።

«ሲወጣ አይተውታል?» አልኩ። ድምፄ እንደ ቅቤ ነበር።

«እንዴታ!»

«ከየትኛው ቀፎ ወጣ?»

«ከዚያ... ከዳር ካለው።»

እትዬ ውዳሴ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከኋላ ደርሰዋል። «ከመሃሉ ነው የወጣው» አሉ። «ምኑን አዩት? ጀርባዎን ለንቡ ሰጥተው በእኔ ላይ ሲጮኹ አልነበር? ያየሁት እኔ ነኝ። እየሄደ ነው ልልዎት አፌን ስከፍት፣ ዝም በይ አሉኝ። ዝም አልኩ።»

ጋሼ ወደ ዋንዛው አዩ፤ ወደ ባለቤታቸው አዩ፤ ከዚያ ወደ ባዶ እግራቸው አዩ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «መንጋውን ልማዱ ለእኔ ሰጥቶኛል። ከመጀመሪያው ማር ግን ያለ እርስዎ አልቀምስም። እኔ የምፈልገው የገቡትን ቃል ነው።»

«በኅዳር ሚካኤል» አሉ። «በእኔ ቤት ነው የሚደርሰው። እናገራለሁ።»

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ተረኛው እርሳቸው፣ በዓሉም የስማቸው ነው፤ ቤቱ ሞላ። ጸሎቱ እንዳለቀ ተነሣሁ። «ቅድሚያ ይበላ» አሉ። ተበላ። ተነሣሁ። «ጠላ ሳይዞር?» አሉ። ዞረ። ሦስተኛ ስነሣ ዳቦ ለመቁረስ ጓዳ ገብተው አልወጡም። አቶ ወልደ ዮሐንስ «ክንፈሚካኤል፣ ቃል አለብህ» ብለው ጠሯቸው። ጋሼ ሙሉውን ዳቦ እንደ ሕፃን ታቅፈው ብቅ አሉ፤ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

«እኔ ምን አልኩ? ንብ ጸጥ ያለ ቤት ትገባለች አልኩ። ጠበቃ ከመስከረም ወዲህ ጸጥ አለች። ንቡም ገባላት። ምክሬ ሠራ ማለት ነው፤ እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ!»

ቤቱ አጨበጨበ! እኔን እንኳን ደስ ያለሽ ብለው ሳሙኝ! ማምለጫ ላሳጣቸው ብዬ ያመቅኩትን ቁጣ ሁሉ ሰብስበው ማስረጃቸው አደረጉት። ወሬው ማንኩሳም ድረስ ደርሷል፤ ባለፈው ገበያ ላይ አንዲት የአክስቴ ልጅ፣ «አፍሽን ስትዘጊ ንቡ ተመለሰልሽ አሉ፣ ምነው ያኔ በዘጋሽው!» አለችኝ።

ስለዚህ ዝምታው እዚህ ላይ አብቅቷል። እንዲያውም ከኅዳር ወዲህ ሆን ብዬ ዋንዛው ሥር እየቆምኩ ስቆጣ ነው የከረምኩት። ስልክ የማናግረው እዚያ ነው፤ ከወንድሜ ከጌታሁን ጋር ስለ መስኩ የምከራከረውም እዚያው ነው፤ የቀበሌውን መንገድም የማማርረው ወደ ቀፎው ቀና ብዬ ነው። ንቦቹ በሶብላው ላይ ናቸው፣ ጦስኙ ላይ ናቸው፣ ከሸክላው ይጠጣሉ፤ ቀፎው ከብዶ ቅርንጫፉ ጎብጧል። አንዷም ዕቃዋን ጠቅልላ አልወጣችም።

ጋሼ ክንፈሚካኤል፣ ይህን የጻፍኩት እርስዎም ማኅበርተኛውም እንዲያነቡት ነው። ንብ ጠብ ሰምቶ ይወጣል ካሉ፣ መንጋው የወጣው ከእርስዎ ጩኸት ነው ይበሉ። አይሰማም ካሉ ደግሞ፣ የገብረሰንበትን ንብ ልጃቸው አላባረረችም ይበሉ። የወደዱትን ይምረጡ፤ ሁለቱንም ይዘው ጓዳ መግባት ግን አይቻልም። መጪው ማኅበር አቶ ወልደ ዮሐንስ ቤት ነው። ዳቦውን ሌላ ሰው ይቁረሰው። እርስዎ ተነሥተው፣ በሁሉ ፊት፣ ማንኩሳ ድረስ እንዲሰማ አድርገው ይመልሱልኝ። መጮህ እንደሚችሉማ ሰምተናል።